ዲፈረንሻልና የጎማ በከንቱ መዞር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ዲፈረንሻል እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ፣ ርእሱ ለዚህ ጉባኤ እጅግ የታወቀ ነው የሚል ሐሳብ አድሮብኝ ነበር። ከመካከላችን በተማሪነቱ ዘመን የዲፈረንሻልን ሥዕል ያልሳለና ጥርሶቹን ያልቆጠረ መሐንዲስ አይገኝም። ይሁን እንጂ አንድን ነገር ማወቅና ያንን ነገር በሚያስፈልግበት ሰዓት መናገር የተለያዩ መሆናቸውን፣ እዚሁ ልደታ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በጸጸት ስለተማርኩ ጥሪውን ተቀብያለሁ። ስለሆነም በቅድሚያ የመሣሪያውን ጠባይ በአጭሩ አስታውሳለሁ፤ ቀጥሎም የደረሰውን እናገራለሁ።

እንደሚታወቀው፣ መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ በውጭ በኩል ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ካለው የበለጠ መንገድ ይጓዛል። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.8 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው 90 ዲግሪ ታጥፎ እስኪወጣ ድረስ የውጩ ጎማ ከውስጡ 2.8 ሜትር ያህል አብልጦ ይሄዳል። ማጠፊያው ጠባብም ሆነ ሰፊ ይህ ብልጫ አይለወጥም፤ የሚወሰነው በጎማዎቹ መካከል ባለው ስፋትና በታጠፍንበት ማእዘን ብቻ ነውና። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ፣ ይህ 2.8 ሜትር በሙሉ ጎማው በአስፋልት ላይ እየተፋቀ የሚከፈል ዕዳ በሆነ ነበር።

የባቡር መደበኛ አክስል በአንጻሩ ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱ ጎማዎች ከዘንጉ ጋር አንድ አካል ናቸው። ነገር ግን የባቡር ጎማ ፊቱ ሾጠጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ በኩርባ ላይ አክስሉ ወደ ጎን ጥቂት ሲንሸራተት የውጩ ጎማ በሰፊው፣ የውስጡም በጠባቡ ዙሪያው ይሽከረከራል። የመኪና ጎማ ይህ ጸጋ ስላልተሰጠው ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1827 ኦኔሲፎር ፔኬር የተባለ ፈረንሳዊ የሰዓት ሠሪ በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ ያቀረበው ዲፈረንሻል፣ ዛሬም በመኪኖቻችን ሥር ለሚገኘው አባት ነው።

የዚህ መሣሪያ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛው የፍጥነት ሕግ ሲሆን፣ የሁለቱ ጎማዎች ፍጥነት አማካይ ምን ጊዜም ከዋናው ባለ ጥርስ ቀለበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። አንዱ ጎማ ከቆመ ሌላው በእጥፍ ይዞራል። የፍጥነት መለኪያው 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚያሳይበት ጊዜ፣ በጭቃ ውስጥ የሚዞረው ጎማ በ60 እየበረረ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው የኃይል ሕግ ነው። ተራው ዲፈረንሻል ቶርክ የምንለውን የማዞር ኃይል ለሁለቱም ጎማዎች እኩል ያካፍላል፤ ለአንዱ ከሌላው አብልጦ መስጠት አይችልም። ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ ፍትሐዊነቱ ነው።

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። ጠቅላላ ክብደቱ 60 ኪሎ ኒውተን የሆነ የጭነት መኪና በኋላ አክስሉ ላይ 40 ኪሎ ኒውተን ተሸክሟል እንበል። አንደኛው የኋላ ጎማ በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ፣ ሌላው ደግሞ በረጠበ የመረሬ አፈር ላይ ቆሟል። የደረቁ የመያዝ አቅም 0.8፣ የጭቃው 0.2 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ጎማ 16፣ ሁለተኛው 4 ኪሎ ኒውተን ለመግፋት ይችላሉ። ተራው ዲፈረንሻል ግን እኩል አካፋይ በመሆኑ ለደረቁም 4 ብቻ ይሰጠዋል፤ ድምሩ 8 ነው። ይህ መኪና 10 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ለስላሳ አፈር እየረገጠ ለመውጣት 12 ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ አይወጣም። ሁለቱ ጎማዎች ቢቆለፉ ግን ድምሩ 20 ይሆናል፤ መኪናውም ይወጣል።

በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት መረሬ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ስሌት የወረቀት ጨዋታ እንዳልሆነ እንረዳለን። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የጎማውን ጥርሶች ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ሾፌሩ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ጎማው የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶችም ለረጅምና ፈጣን ዙር የተሠሩ ስላልሆኑ ግለው ዘንጋቸውን ይበላሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከበቾ ሜዳ ጤፍ የሚያመላልስ አንድ ባለ መኪና ወደ ጋራዣችን መጣ። ባለፈው ክረምት ብዙ ቀን በጭቃ ተይዞ እንዳደረ፣ ለትራክተር ጎታች የከፈለው ገንዘብም ትርፉን እንደበላበት ነገረን። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሙያው የቆዩት ዋናው መካኒካችን ዲፈረንሻሉን ፈትተው ውስጣዊ ጥርሶቹን እርስ በርሳቸው በየዷቸው። ሁለቱ ጎማዎች ከዚያ በኋላ እንደ አንድ ሆኑ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ይህ ሥራ መኪናውን ከጭቃ እንደሚያወጣው አውቃለሁ፤ በአስፋልት ላይ ምን እንደሚያደርገው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አውቃለሁ። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ጋሼን በሠራተኞቹ ፊት ማረም ድፍረት መሰለኝ። ደግሞም ባለ መኪናው ደስ ብሎት ነበር። የሥራ መዝገቡ ለፊርማ ሲቀርብልኝ ፈረምኩ።

መኪናው ያን ክረምት አንድም ቀን በጭቃ አልተያዘም። በነሐሴ ወር ግን ጤፍ ጭኖ በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ከተማ ሲገባ፣ ልደታ ላይ በዝናብ በራሰ አስፋልት ሊታጠፍ መሪውን አዞረ፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተቆለፉት የኋላ ጎማዎች በእኩል ፍጥነት ስለሚዞሩ መኪናውን ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ይገፉታል። የፊት ጎማዎች ይህንን ግፊት አሸንፈው መኪናውን ማዞር አለባቸው፤ በረጠበ አስፋልት ላይ ግን ይህን የሚያህል የመያዝ አቅም አልነበራቸውም። መኪናው ከአጥር ግንብ ጋር ተጋጨ። ሾፌሩ ተረፈ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ረዳት እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ዛሬም ያነክሳል።

መካኒካችን ነገሩን በሰሙ ማግሥት ወደ እኔ መጡና፣ “አንተ ይህን ታውቅ ነበር?” ብለው ጠየቁኝ። አውቅ እንደነበር ነገርኳቸው። “እኔ አላወቅሁም፤ አንተ እያወቅህ ለምን ዝም አልከኝ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ያክል ዓመት ሳስበውም የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

በዚያ ጋራዥ የጎደለው እውቀት አልነበረም። መካኒኩ ጭቃውን፣ እኔ ኩርባውን እናውቅ ነበር፤ ሁለቱ እውቀቶች ግን ሳይገናኙ ቀሩ። ስለዚህ ለዚያን ቀኑ ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን መልስ ይሆን ዘንድ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ ለባለ መኪናው “አይሆንም” ማለት ብቻ አይበቃም፤ ችግሩ እውነተኛ ነውና። ፋብሪካው የሠራው መቆለፊያ ያለው አክስል ካለ ይመረጥ። እርሱም በዝግታ፣ በለስላሳ መሬት ላይ ብቻ የሚሠራበት፣ ከጭቃው እንደተወጣ የሚፈታ መሆኑ ለሾፌሩ ይነገር። መንሸራተትን የሚገድቡ ዲፈረንሻሎችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1958 ቨርነን ግሊዝማን የፈለሰፈው ቶርሰን ሲሆን፣ ለደካማው ጎማ የደረሰውን ኃይል አባዝቶ ለሌላው ይሰጣል። ሆኖም ደካማው ጎማ ጨርሶ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚባዛ ነገር ስለማይኖር ብዙ አይረዳም። ትራክተር የግራና የቀኝ ፍሬኑ ስለተለያየ፣ የሚዞረውን ጎማ ብቻ በፍሬን በመያዝ ኃይሉን ወደ ሌላው ማሳለፍ ይቻላል። በዘመናዊ መኪኖችም ይህንኑ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ብዙ ሾፌሮች የሚያምኑበት የእጅ ፍሬን መያዝ ግን ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ሁለቱንም ጎማዎች እኩል ስለሚይዝ ለደህናው ያስጨመረለትን ኃይል እዚያው መልሶ ይወስድበታል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የተበየደ ዲፈረንሻልን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። የፊት ጎማዎችን ታኮ አስደግፎ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ ማስገባት፣ ከዚያም አንዱን ጎማ በእጅ ማዞር ነው። ተራው ዲፈረንሻል ጤነኛ ከሆነ ሌላው ጎማ በተቃራኒው ይዞራል። የተበየደ ከሆነ ግን አልንቀሳቀስም ይላል። መንሸራተትን የሚገድብ ዓይነት ከሆነ ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል የፋብሪካውን መጽሐፍ መመልከት ያሻል። ይህ ሙከራ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። ከጋራዥ በሚወጣና በዓመታዊ ምርመራ በሚቀርብ የጭነት መኪና ሁሉ ላይ ቢደረግ፣ በዚያ ነሐሴ የደረሰው ዓይነት አደጋ አስቀድሞ ይታወቃል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ማኅበራችን መካኒኮች በሚናገሩበት ቋንቋ፣ በሥዕል የተደገፉ ትንንሽ ጽሑፎችን እንዲያዘጋጅ አሳስባለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። እነዚህም ቢሆኑ በአንድ ሞተር ሁለት ጎማ የሚነዱ እስከሆኑ ድረስ ዲፈረንሻል አላቸው። እንዲያውም የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ቶርክ ስለሚሰጥ ጎማውን በረጠበ መንገድ ላይ ለማንሸራተት ይፈጥናል። አዲስ ዓይነት መኪና ሲመጣ አዲስ ዓይነት ብየዳም መምጣቱ አይቀርምና፣ ጽሑፉ ከመኪናው ኋላ እንዳይቀር ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለወጣት ባልደረቦቼ አንድ ቃል አለኝ። በዕድሜና በልምድ የሚበልጠንን ባለሙያ ማክበር የአገራችን መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን እኔ ያን ቀን ዝም ያልኩት መካኒኩን ስላከበርኩ አልነበረም፤ ስለፈራሁ ነው። አክብሬያቸው ቢሆን ኖሮ ወደ ጥግ ጠርቼ፣ “ጋሼ፣ ይህ ነገር በአስፋልት ላይ ያሰጋኛል” እላቸው ነበር። የእርሳቸውን ጠባይ እንደማውቀው፣ ይሰሙኝ ነበር።