ስልሳ ሦስት ጠጠርና አንድ ታብሌት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም፣ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው አዲሱን ታብሌት በነሐሴ አጋማሽ ሲሰጠኝ «ስድስት ሳምንት ሥሪበት፤ ከዚያ ያየሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪን» ብሎኝ ነበር። ነገሩ ቀላል አይደለም። አንድ አጋራችን ለ10 ቡድኖች 10 ታብሌት ሊገዛልን ፈቃደኛ ሆኖ መልሳችንን እየጠበቀ ነው። አንዱ 14,500 ብር ነው። አሥሩ 145,000 ብር ይሆናሉ። ለአንዲት አባል የምንሰጠው የመጀመሪያ ብድር 5,000 ብር ስለሆነ፣ ይህ የ29 ሴቶች የበርበሬ ወይም የዶሮ ንግድ መነሻ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ 29 ሴቶችም ጭምር እንደምናገር አውቃለሁ።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ካርቶኑን ስከፍት፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። መስታወቱ ሰፊ ነው፣ 10 ኢንች። የአማርኛ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል። መጻፊያውም አለው፤ «ሰ»ን ነክቶ ከሰባቱ ቤት መምረጥ ነው፤ በሁለት ቀን እጄ ለመደ። ካርቶኑ ላይ «8 ጊጋ ራም» የሚል በትልቁ ተጽፏል። በትንሹ ደግሞ «4+4» ይላል። ይህን ለሚገዛ ሰው ሁሉ ልንገር፦ እውነተኛው 4 ነው፤ ሌላው 4 ከማስቀመጫው ቦታ ተበድሮ የሚቆጠር ነው። እኛ በብድር የምንሠራ ሰዎች ነንና የተበደረን እንደ ራስ ገንዘብ መቁጠር ምን እንደሆነ እናውቃለን። 64 ጊጋ የተባለው ማስቀመጫም ከፍቼ ባየሁት ጊዜ 48 ያህሉ ብቻ ነበር ክፍት። ቀሪውን የዕቃው የራሱ ሥርዓት ይዞታል። ለመዝገባችን ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ወደ ሥራ ስገባ ሦስት ነገር ገጠመኝ።

አንደኛው ቀን ነው። የሒሳብ ሰንጠረዡ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጳጉሜን 3 ቀን የሰበሰብነውን ቁጠባ «3/13» ብዬ ስጽፍ ቀን መሆኑን አልተቀበለም፤ ለእሱ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። ከዚያ የባሰው መስከረም ላይ መጣ። «5/1/2018» ብዬ የጻፍኩትን ዝም ብሎ ተቀበለና የፈረንጅ ቀን አደረገው። አለመቀበሉ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ስሕተቱን አየዋለሁ። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረትን በሦስት የተለያየ ዓምድ እጽፋለሁ፤ ለማሽኑም ተራ ቁጥር እንጂ ቀን ነው አልለውም።

ሁለተኛው ፊደል ነው። «ዓለም» ብዬ የመዘገብኳትን አባል «አለም» ብዬ ስፈልጋት የለችም አለኝ። እኛ ስናነብ አንድ ናቸው፤ ማሽኑ ግን ሁለት ሴቶች ያደርጋቸዋል። የሀ፣ የሰ፣ የአና የጸ ሞክሼዎች ባሉበት ስም ሁሉ ይህ ይደርሳል። አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ከተመዘገበች ቁጠባዋ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ለእያንዳንዷ አባል የማይለወጥ ቁጥር ሰጠሁ፤ የምፈልገውም በስም ሳይሆን በቁጥሩ ነው።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ገጠር ስብሰባችን ዛፍ ሥር ነው። ቀትር ላይ መስታወቱ ፊቴን እንጂ ቁጥሩን አያሳየኝም። ባትሪውም ሳይሰኩት ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል እንጂ መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ወረቀት ይሻለኛል። የአንዲት አባላችን ልጅ ከውጭ ይዛው የመጣችውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ከጎኑ አድርጌ ሞከርኩት። ያኛው ከኋላው ብርሃን የሚያበራ መስታወት ሳይሆን በቀለም የሚሠራ ነው፤ ብርሃኑን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይነበባል። ኃይል የሚወስደውም ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ በአንድ ሙሌት ሳምንታት ይቆያል። ግን ሒሳብ አይሠራም፤ አንዳንዱ የአማርኛ ጽሑፍም ፊደሉ አብሮት ካልመጣ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ለማንበብ እሱ፣ ለመመዝገብ ታብሌቱ ይሻላል ብያለሁ።

አንድ መልካም ነገር ልጨምር። ታብሌቱ መዝገቡን ለመሥራት ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችን እናስታውሳለን። ያለ ኔትወርክ የማይሠራ ነገር ብንገዛ ኖሮ ያኔ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን ይሆንብን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ይህን ከዚህ በፊት በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የአንዲት እናታችን የቁጠባ ደብተር ሞላና ቀሪውን ወደ አዲስ ደብተር ያሸጋገርኩት እኔ ነበርኩ። ከወራት በኋላ ብድር ስትጠይቅ ደብተሯ 1,350 ብር ይላል። እሷ «3,150 ነው ያለኝ» አለች። ቡድኑ ደብተሩን አየ፣ እኔም አየሁት። እሷ ማንበብ አትችልም፤ ደብተሩ ግን በእጄ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው ነው። ማን ይታመናል? አንዳንዶች «ረስታው ይሆናል» አሉ። አንዷ እንዲያውም ከዚያ የከፋ ቃል ተናገረች። እናታችን ምንም ሳትመልስ ወደ ቤቷ ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ፈትታ መሬት ላይ አፈሰሰችው፤ ጠጠር ነው። በየሳምንቱ 50 ብር በሰጠች ቁጥር አንድ ጠጠር በቅል ውስጥ ስታኖር ኖራለች። «ልጄ፣ እኔ መጻፍ አልችልም እንጂ መቁጠር እችላለሁ፤ ቁጠሪው» አለችኝ። ቆጠርኩት፤ 63 ነው። 63 ጊዜ 50፣ 3,150።

ቤቴ ገብቼ የሁለቱን ቁጥር ልዩነት ሠራሁ፤ 1,800 ነው። ለ9 ሲካፈል ሙሉ 200 ይሆናል። በሒሳብ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ልዩነቱ ያለ ትርፍ ለ9 ከተካፈለ አኃዝ ተገላብጦ ይሆናልና ፈትሽ። የድሮውን ደብተር ከሳጥኑ አውጥቼ አየሁት። 3,150 ይላል። ስገለብጥ ሦስቱንና አንዱን አቀያይሬያቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ቡድኑም ጠየቃት። ያች አንድ ሳምንት ግን ከእሷ ልብ ትወጣ እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ ታብሌቱ ሲሰጠኝ ለራሴ ያነሣሁት ጥያቄ «ፈጣን ነው? ያምራል?» የሚል አልነበረም። «ያኔ ይህ ዕቃ ቢኖር ኖሮ ያችን ሴት ያድናት ነበር?» የሚል ነበር።

መልሴ ግማሽ ነው። ደብተር ሲሞላ ማሸጋገር ስለሌለ ያ ዓይነት ስሕተት አይደርስም፤ ድምሩንም ራሱ ይሠራል። ነገር ግን ከመጀመሪያው 50ን 5 ብዬ ባስገባ ማሽኑ ስሕተቱን አሳምሮና አስተካክሎ ይደምረዋል። ያኔ ደግሞ ክርክሩ ይብሳል። በእኔ የእጅ ጽሑፍ ላይ የተጠራጠረች ሴት፣ በሚያበራ መስታወት ላይ ለመጠራጠር ሁለት እጥፍ ድፍረት ያስፈልጋታል። እናታችንን ያዳናት ከእኔ መዝገብ ውጭ የሆነ፣ በራሷ እጅ ያለ ቆጠራ ነው።

ይሁንና ያላሰብኩት አንድ ነገር አየሁ። በታብሌቱ ካሜራ የየአባሉን ፎቶ አንሥቼ ከቁጥሯ ጎን አደረግሁት። ፊደል የማይቆጥሩት እናቶቻችን አብዛኞቹ የብር ቁጥር ያውቃሉ፤ ገበያ አስተምሯቸዋል። ያችው እናታችን ስሟን ሳይሆን ፊቷን ፈልጋ አገኘችና ጣቷን አሳርፋ ከጎኑ ያለውን ቁጥር ራሷ አነበበችው። ሒሳቧን ማንም ሳያነብላት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን 14,500 ብር ከሚያወጡት ነገሮች ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሰዓቱንም ልንገራችሁ። 22 አባላት ያሉት ቡድን በወረቀት ሁለት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። በታብሌቱ የመጀመሪያ ሳምንት ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ሰውም አጉረመረመ። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሆነ። የተረፈውን ጊዜ ስለ ብድር አመላለስ ተወያየንበት።

ስለ ልጆቻችንም ጠይቃችሁኛል። በ2004 ዓ.ም. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው ሕፃናት «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በየመንደሩ 20 ያህል ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በወራት ውስጥም የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ልጆቻችን ማንም ሳያስተምራቸው እንደሚለምዱት ከዚህ እንረዳለን። ነገር ግን እዚያም ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ማሳየት አስፈልጎ ነበር። ዕቃውን የሚያቆየው ቻርጅ የሚያደርገው ሰው ነው።

ለንባብስ? የትምህርት ሚኒስቴር መማሪያ መጻሕፍት በነፃ ይገኛሉ፤ የአማርኛ ውክፔዲያንም አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። በቴሌግራም የሚዞረውን የመጻሕፍት ፎቶ ኮፒ ግን አልጫንኩም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጫኚልን ያላችሁኝ አላችሁ፤ ታሪኩ ከማንኩሳ የሚነሣ የራሳችን አገር መጽሐፍ ነውና ጥያቄው ይገባኛል። ትልልቆቹ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምታችሁታል። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ደግሞ ደራሲው ካረፉ በኋላ 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። የማኅበር ዕቃ ላይ የሰው ንብረት አይጫንም። መጽሐፉን ገዝተን በየተራ እናንብበው።

አሁን የውሳኔ ሐሳቤን ላቅርብ።

አሥር ታብሌት አንውሰድ። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ ታብሌት ተገዝቶ ነበር፤ ቆጠራው ግን በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። ዕቃ ከሥራው ቀድሞ ሲመጣ ባትሪው ተቀምጦ ያረጃል። እኛም በዚህ የሠለጠነች አንዲት ሴት ብቻ አለችን፤ እሷም እኔ ነኝ። አሁን ካለን ላይ ሁለት ብቻ እንጨምር፤ አንዱ ለቡሬ፣ አንዱ ለገጠር ቡድኖች። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ መውጣቱ ያስቸኩለናል የሚሉ አሉ። መቸኮል ግን ያልለመድነውን ዕቃ በብዛት አያስለምደንም።

የወረቀት ደብተሩ ይቀጥል። በየወሩ የእያንዳንዷ ቀሪ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አባሏም በራሷ መንገድ ቆጥራ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ትበል። «ልክ አይደለም» ያለች ሴት ውሸታም ሳትባል መዝገቡ መጀመሪያ ይፈተሽ። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ እጠይቃለሁ።

ታብሌቱ በምሥጢር ቁጥር ይቆለፍ፤ ልጅም ባልም እንዳይከፍተው። ቁጠባዋን ለቤተሰቧ መንገር ያለባት እሷ ናት እንጂ የእኛ ዕቃ አይደለም። ቅጂው በየሳምንቱ በሚሞሪ ካርድ ወጥቶ በባለ ሦስት ቁልፉ ሳጥን ይቀመጥ።

ለአጋራችን ደግሞ በአክብሮት እንዲህ እላለሁ። ከሁለቱ የሚተርፈው የስምንት ታብሌት ዋጋ 116,000 ብር ነው። የሚፈቀድልን ከሆነ፣ ግማሹ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መሙያና የቁጠባ ደብተር ይግዛልን፤ ግማሹ ለእናቶቻችን የጎልማሶች ትምህርት ይሁን። የተሰጠንን አልቀበልም ማለታችን አይደለም፤ የምንችለውን ያህል ብቻ እንሸከም ማለታችን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በመጨረሻ፣ ያችን እናታችንን ትናንት «ታብሌቱ ከመጣ በኋላ ጠጠሩን ተውሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። «ለምን እተወዋለሁ? እህል ቢሆን ነቀዝ ይበላው ነበር፤ መብራት ቢሆን ይጠፋ ነበር። ጠጠሬን ማን ይበላዋል?» አለችኝ።

እኔም በታብሌቱ ሰንጠረዥ ከስሟ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሬላታለሁ። «የጠጠር ቁጥር» ይላል። በየወሩ ሁለቱን እናስተያያለን። እስካሁን ልክ ናቸው።