የአበባው ሥዕል የማን ነው?



እናንት የባሕር ዳር ሰዎች፣ ጣና ዳር በዋንዛ ጥላ ሥር ያልተቀመጠ ከመካከላችሁ አለ? የዋንዛን አበባ ከ250 ዓመት በፊት የሳለ ሰው ነበር፤ ስሙን የሰማን ግን ጥቂቶች ነን። ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል፤ ጣሊያናዊ፣ የቦሎኛ ሰው ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሲመጣ ሥዕል እንዲሠራለት ቀጥሮ አመጣው። ባሉጋኒ የተማረው የሕንፃ ንድፍ ነበር። የእኛን አገር አበባ ማን ያስተምረው? እያየ፣ እየሳለ ለመደው። ኮሶውን፣ ቁልቋሉን፣ ዋጊኖሱን ሳለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ፣ ምንጩ ዘንድ ከብሩስ ጋር ነበር። በማግስቱ ዓመት ጎንደር ላይ በተቅማጥ ሞተ። የሚገርማችሁ፣ ዋጊኖስ በባህል የተቅማጥ መድኃኒት ተብሎ የሚታወቅ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ደግሞ ከብሩስ ስም የተወሰደ ነው!

ብሩስ አገሩ ገብቶ በ1790 አምስት ጥራዝ መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹን የራሱ አስመሰላቸው። ይባስ ብሎ፣ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት የሞተ አድርጎ ጻፈ።

ወገኖቼ፣ በብሩስ ላይ ድንጋይ ለማንሳት እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ጊዜ የታመመ ወንድም ያዘጋጀውን የስብከት ማስታወሻ ይዤ መድረክ ወጣሁ። ጉባኤው ተነካ። በር ላይ «ተባረክ፣ ከየት አመጣኸው?» ሲሉኝ «ጌታ ሰጠኝ» አልኩ። ውሸት አይመስልም፣ አይደል? ያ ወንድም ግን አልጋ ላይ ነበር።

ጌታ ኢየሱስ የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት ያስተማረው በማቴዎስ 6 ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሰው የማያየውን ስለሚያይ አባት ይናገራል። ከሰው ምስጋና የሚፈልግ ደግሞ ዋጋውን እዚሁ ጨርሶ እንደተቀበለ ይናገራል። እኔ ዋጋዬን በር ላይ ተቀብዬ ጨረስኩ ማለት ነው።

ሥዕሎቹ አልጠፉም፤ ዛሬ አሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በ1991 ሊቃውንት የዕፅዋቱን ሥዕሎች በባሉጋኒ ስም በመጽሐፍ አወጧቸው። ሰው ለማወቅ ከ200 ዓመት በላይ ፈጀበት። እግዚአብሔር ግን ብሩሹን ያነሣ ዕለት አይቶታል።

ለዚያ ወንድም ትናንት ደወልኩለት። የመጣው እሑድ በጉባኤው ፊት ስሙን እጠራለሁ። አንተ፣ አንቺስ? ስሙን ያልጠራችሁት ማን አለ? ሬዲዮውን ስትዘጉ ደውሉለት።