ስሌት የሰለቸው መሐንዲስ



ዛሬ የምናወጋችሁ ኮንራድ ዙሴ ስለሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በ1910 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ተወለደ፤ አባቱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዙሴ በተማሪነቱ ያጠናው የግንባታ ሥራ ነው። ድልድይ ለመሥራት ደግሞ ሒሳብ አለ። ብረቱ ስንት ክብደት ይሸከማል? ውፍረቱስ ስንት ይሁን? ያንኑ ድምርና ብዜት ሲደጋግሙ መዋል ነው። በመካከል አንዷ ቁጥር ከተሳሳተች ሁሉም ይበላሻል፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ዙሴ ይህ ሰለቸው። ታዲያ ይህን ሥራ መኪና ሊሠራው አይችልም ወይ ብሎ ማሰብ ጀመረ።

በ1936 በአውሮፕላን ፋብሪካ የያዘውን ሥራ ተወ። ደመወዙንም ተወ ማለት ነው። የወላጆቹን ሳሎን የሥራ ቦታ አደረገው። ወላጆቹ፣ እኅቱና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጡለት። ጓደኞቹ እየመጡ ስስ ብረት በመጋዝ ይቆርጡለት ነበር። መቼም እነዚያን ወላጆች ሳናመሰግን አናልፍም፤ የእንግዳ መቀበያውን ለብረት ክምር የሚለቅ ስንቱ ነው?

እስቲ የመኪናዋን ዘዴ እንመልከት። እኛ የምንቆጥረው በአሥር ነው፤ ጣታችን አሥር ነውና። መኪና ግን ጣት የላትም። ለእሷ የሚቀላት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መክፈትና መዝጋት። በሁለት ነገር እንዴት ይቆጠራል ትሉ ይሆናል። ሚዛን አስቡ። አራት የሚዛን ድንጋዮች አሉን እንበል፤ ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 4 እና ባለ 8 ኪሎ። 5 ኪሎ እህል ለመመዘን ባለ 4ቱንና ባለ 1ዱን እንጭናለን። ለ11 ኪሎ ደግሞ ባለ 8ቱን፣ ባለ 2ቱንና ባለ 1ዱን። በእነዚህ በአራቱ ብቻ ከ1 እስከ 15 ኪሎ ድረስ የማይመዘን የለም። እስቲ ራሳችሁ ደምሩና እዩት! እንግዲህ እያንዳንዱ ድንጋይ ወይ ሚዛኑ ላይ አለ፣ ወይ የለም። የዙሴ መኪና ቁጥር የምትይዘው በዚሁ ዘዴ ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክም እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያዋ መኪና በ1938 አለቀች። ነገር ግን ብረቱ እየተያያዘ ያስቸግር ነበር። ዙሴ ተስፋ አልቆረጠም፤ መንገዱን ለወጠ። በስልክ ማዞሪያ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚቆርጥ ሪሌይ የሚባል ዕቃ አለ። አሮጌ ሪሌይ እየሰበሰበ መሥራት ያዘ። ለመኪናዋ የሚሰጠውን ትእዛዝ የጻፈው በምን መሰላችሁ? በተጣለ የሲኒማ ፊልም ላይ ቀዳዳ እየበሳ ነው! ሦስተኛዋ መኪና በ1941 ተጠናቀቀች። ከ2,000 በላይ ሪሌይ ነበራት፤ ለአንድ ብዜት 3 ሴኮንድ ያህል ይበቃታል። የተሰጣትን ትእዛዝ ተከትላ በራሷ የምታሰላ፣ በትክክል የሠራች የመጀመሪያዋ ኮምፒዩተር እሷ ናት ይባላል። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገርም ሌሎች በተመሳሳይ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ግን ጦርነት ስለነበረ አንዱ የሌላውን አልሰማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብንደብቅ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ጊዜው የሂትለር ጊዜ ነው። ዙሴ በጦርነቱ ወቅት ለዚያው አውሮፕላን ፋብሪካ ሠርቷል፤ ከመኪናዎቹም አንዷ የበራሪ ቦምብ ክንፍ ልክ ታሰላ ነበር። መኪና የድልድይም ይሁን የቦምብ፣ የሰጧትን ትደምራለች። ለማን ነው ብሎ መጠየቅ የሰው ፋንታ ነበር።

በ1943 በርሊን በአውሮፕላን ስትደበደብ ሦስተኛዋ መኪና ወደመች። የመጀመሪያዋም ከነንድፏ ጠፋች። የተረፈችው አራተኛዋ ብቻ ናት። በ1945 ከበርሊን አውጥቶ በደቡብ ጀርመን ተራሮች ወዳለ መንደር ወሰዳት። በ1950 በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ ያለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተከራያት።

በ1941 ያቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ ግን ውድቅ የሆነው በ1967 ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቆ!

ዙሴ ከሰባ ዓመት በላይ ከሆነው በኋላ፣ ያቺን የወላጆቹ ሳሎን ውስጥ የተሠራችውን የመጀመሪያዋን መኪና እንደገና ለመሥራት ተነሣ። ንድፉን አዲስ አወጣ፤ በ1989 ጨረሰ። እሱ በ1995 አረፈ፤ መኪናዋ በበርሊን የቴክኒክ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።