ፍሪዘሩን ከፋሲካ በፊት

እሷ፦ የፋሲካ ሥጋ ሊገባ ነው፤ የብዙ ሰው ፍሪዘር ግን በረዶ ጋግሮ መሳቢያው እንኳ አልንቀሳቀስ ብሏል።

እሱ፦ በረዶውን ለማራገፍ ከጾሙ ማብቂያ የተሻለ ጊዜ የለም። የቀድሞው ሥጋ አልቋል።

እሷ፦ እኔን የሚያስፈራኝ በረዶውን በቢላዋ መፈልፈሉ ነው።

እሱ፦ እውነትሽን ነው! ከፍሪዘሩ ግድግዳ ጀርባ ስስ የጋዝ ቱቦ ያልፋል። አንዴ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፤ ጥገናውም ውድ ነው። እባካችሁ በቢላዋ አትፈልፍሉት። ሶኬቱን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ የፈላ ውሃ በድስት ውስጡ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ከድስቱ ሥር ፎጣ ይነጠፍ። በረዶው ሲላቀቅ በእጅ ይነሳል።

እሷ፦ ለምንድን ነው እንዲህ የሚጋገረው?

እሱ፦ በሩ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይገባል፤ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ በረዶ ይሆናል። ትኩስ ወጥ ማስገባትም ያባብሰዋል። የበሩን ጎማም ፈትሹ፦ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል።

እሷ፦ በረዶው ግማሽ ሴንቲሜትር ከደረሰ አትቆዩ። ቅዝቃዜውን ከምግቡ ይጋርዳል፤ ሞተሩም ዕረፍት ያጣል፣ መብራቱም ይቆጥራል። መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ። ሥጋውን የምታስገቡት ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ነው።