ጠገራ ብር በፊልም ሚዛን



የአሜሪካን የቀድሞ ወንበዴዎች ታሪክ በሚያሳዩ ፊልሞች ውስጥ ተዋናዩን ትተው ገንዘቡን የሚመረምሩ ተመልካቾች አሉ። የአሜሪካ የወረቀት ገንዘብ መጠኑ ያነሰው እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ሆነ፣ በ1925 ተፈጸመ በተባለ ዘረፋ ላይ ትንሹ ዶላር ሲቆጠር ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል።

ለላስታ ይህ ዘዴ አያገለግልም። በዚያ ደጋ ስለ ነበሩ ሽፍቶች ፊልም ቢሠራ የሚዘረፈው ጠገራ ብር መሆኑ አይቀርም። የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ይህ ብር መቼም ቢመታ የሚያሳየው 1780 ዓመትን ነው፤ ጣሊያን እንኳ ለወረራው ስትሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህንኑ ዓመት እንደ ያዘ በሮም አስመትታዋለች። ስለዚህ ማንበቡ ቀርቶ መመዘን ያስፈልጋል።

አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ነው። አምስት ሺህ ብር በስልቻ አንጠልጥሎ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ እየሮጠ የሚወርድ ሽፍታ እንግዲህ 140 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው፤ ይህ ለበቅሎም ይከብዳል። የፊልሙ ሠሪ ወይ በቅሎ ይጨምር፣ ወይ ገንዘቡን ይቀንስ። (መቀነሱ ይረክሳል።) ነገሩ ግን የቀልድ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ቀሎ ከታየ የተዘረፈው ነጋዴ ጉዳትም ቀሎ ይታያል።

ከዚህ ይልቅ የሚዘነጋው ዝርዝሩ ነው። ለአንዲት ዶሮ ጠገራ አውጥቶ የሚሰጥ ባላገር ሊታመን አይችልም። የዕለት መገበያያው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋው የሚወጣው፣ በሰቆጣ በኩል የሚያልፈው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዝናብም ያቀልጠዋል። በክረምት ትዕይንት አሞሌው ሳይሸፈን ደጅ ተከምሮ ከታየ፣ የቤቱ ባለጸጋ ሀብቱን በጎርፍ እያስወሰደ ነው። በኋላ ዘመን ጥይትም እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል፤ ለሽፍታ ፊልም ይህ የተመቸ ነው።

ስለ ንጉሥ ላሊበላ ለሚሠራ ፊልም ግን ጠገራው ፈጽሞ አይገባም፤ ስሕተቱ ወደ ስድስት መቶ ዓመት ይጠጋል። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ማስመታት ከተዉ በኋላ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ የደጋው ነገሥታት በስማቸው አላስመቱም። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ላሊበላን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል።

እውነተኛ ጠገራ ለማግኘት ችግር የለም፤ ቪየና ዛሬም በዚያው ዓመትና በዚያው ክብደት ትመታዋለች። ብዙ እጅ ያለፈበት እንዲመስል ግን አንጸባራቂነቱን ማደብዘዝ ያስፈልጋል።