ንጣፍ ተነሥቶ ሣር ሲተከል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት የአትክልተኛ እንጂ የመሐንዲስ አይመስልም፤ ይኸውም ቀድሞ በአስፋልት ወይም በኮንክሪት ተነጥፎ የነበረን ግቢ ወደ ሣር መስክ ስለ መለወጥ ነው። ሆኖም ያንን መሬት ለሣር እንዳይመች ያደረግነው እኛው ስለሆንን መልሶ ማዳኑም የእኛው ግዴታ ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1933 የአፈር መጠቅጠቅ የሚለካበትን ዘዴ ካሳተመ ወዲህ፣ ከንጣፍ በታች ያለው አፈር በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ ደረቅ እፍጋት 95 በመቶ እንዲደርስ በውል ማስገባት የተለመደ ሆኗል። መጠቅጠቅ ማለት በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ማስወጣት ነው። የሣር ሥር ደግሞ የሚኖረው በዚያው ክፍተት በሚገኘው አየርና ውሃ ነው። ስለዚህ ለመንገድ የበጀው ሥራችን ለሥር እንቅፋት ነው።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ የመኪና ማቆሚያውን አስፋልት አስነሣሁ፤ ከሥሩ ያለውን የተጠቀጠቀ ጠጠር ግን ወጪ ለመቀነስ ስል እንዳለ ተውሁት። በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር አፈር አስደልድዬ ሣር አስተከልሁ። በርክክቡ ዕለት መስኩ አረንጓዴ ስለነበር ተመሰገንሁ። በጥር ሣሩ ደረቀ። በተከታዩ ሐምሌ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ከግቢው በታች ወዳለው የጎረቤት ቤት ገባ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑት የግቢው አትክልተኛ ዲጂኖ አንሥተው መሬቱን ቢመቱት ከጠጠሩ ተጋጭቶ ጮኸ። «ልጄ፣ አስፋልቱን መች አነሣኸው? ቀለም ነው የቀባኸው» አሉኝ።

እውነት ብለዋል። በ100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 3,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ አስፋልት ከዚህ ውስጥ 2,700 ሊትር ያህሉን ወደ ውጭ ይለቃል። ልል አፈር ላይ የበቀለ ሣር አብዛኛውን ሊያሰርግ ይችላል። ጠጠር ላይ የተዘረጋ ሣር ግን በስሙ ሣር፣ በሥራው አስፋልት ነው። በስሌታችን «አረንጓዴ ሥፍራ» ብለን ካስገባነው የፍሳሽ ቦዩ ይጠብባል፤ ጉዳቱም በታች ባለው ሰው ላይ ይወድቃል።

ስለሆነም ሥራውን እንደገና ጀመርን። አስቀድመን የተቀበሩትን የውሃና የመብራት መሥመሮች ለየን። ጠጠሩንና የኮንክሪቱን ፍርስራሽ ጨርሰን አወጣን፤ የሲሚንቶ ቅሪት የአፈሩን ጠባይ ወደ አልካላይን ያዛባልና። የታችኛውን አፈር ጭቃ ሳይሆን፣ መጠነኛ እርጥበት ሲኖረው፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በዶማ አላላነው። ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ በመሙላት የመስረጉን ፍጥነት ለካን። ከዚያም ከበሰበሰ ፍግ ጋር የተቀላቀለ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር አለበስን፤ ሮለር ግን አላስገባንም። መሬቱ ከሕንፃው እየራቀ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አደረግን። መረሬ አፈር ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ፣ ከመሠረቱ አጠገብ ያለውን 1 ሜትር ንጣፍ ሆን ብለን ተውነው። በሰኔ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሰርዶ በመሥመር ተከልን።

ወጪው ከመጀመሪያው እጅግ በለጠ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቤት ውሃ አልገባም።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ክፍያ የሚፈቀደው የሣሩ ልምላሜ ታይቶ ሳይሆን፣ ዲጂኖ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከጠጠር ሳይጋጭ መግባቱ ተረጋግጦ ይሁን። ይህ በውላችን ቢጻፍ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላው አይደግመውም።