ለማን ነው?

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ አዲስ ዓመት ግብ አወጣጥ ተናገር ሲሉኝ ትንሽ ደነገጥኩ። በዚህ ነገር ያልተሳካለት ሰው ቢጋበዝ ይሻል ነበር። እኔ የተሳካልኝ ነኝ፤ ችግሬም እሱ ነበር። ላስረዳ።

ከተመረቅን በኋላ ለዘጠኝ ዓመት በየጳጉሜኑ አንዲት ሰማያዊ ደብተር አውጥቼ የመጪውን ዓመት ግቤን እጽፍ ነበር። ጳጉሜን ለዚህ ሥራ ትመቻለች። አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት፤ ደመወዝ የማይቆጠርባት፣ ከአሮጌው ዓመት ያለቀች፣ አዲሱን ያልጀመረች። አጻጻፉንም ተምረነዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና ላይ ግብ የተወሰነ፣ የሚለካ፣ የሚደረስበት፣ የጊዜ ገደብ ያለው ይሁን ያልተባለ ማን አለ? የእኔ ሁሉም የሚለካ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ፤ ያዝኩ። የደረጃ ዕድገት፤ አገኘሁ። የቤት ቁጠባ፤ አንድም ወር አላጓደልኩም። ደብተሯን ብታዩአት ከዳር እስከ ዳር በራይት ምልክት የተሞላች ናት፤ ምነው መምህሮቼ እንዲህ ባረሙልኝ ያሰኛል።

አንድ ዓመት እንቁጣጣሽን ለማክበር ወረታ ሄድኩ። ለማታውቁት፣ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማችን ናት፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈውም መንገድ ከእሷ ይነሣል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ከአፋቸው ሲወጡ የሚተኙት እዚያ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር መስከረም 1 ቀን አደይ አበባ ብቻ አይታይም፤ ውኃም ይታያል፣ ውኃው ውስጥ የቆመ ሩዝም ይታያል። ገበሬው በዚያ ቀን የሚያቅደው ነገር የለም። ያቀደው ድሮ ነው። አሁን ቆሞ ያያል።

አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እንዲሁ ሲያዩ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና የዓመቱን ዕቅዴን ነገርኳቸው። አሥራ አንድ ነጥብ ነበር። አልዋሽም፣ እንዲያደንቁኝ ነበር። አዳምጠው ጨረሱና፣

«ደግ። ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለራሴ ነዋ!»

«የራስህንማ በልተሃል» አሉ። ከዚያ ስለ አረም ማውራት ጀመሩ።

ነገሩ ስድብ አልነበረም፤ የእሳቸው የሒሳብ አሠራር ነው። ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ተወቅቶ ሲገባ አጎቴ መጀመሪያ የሚቆጥሩት በቤቱ ያለውን አፍ ነው። ቀጥሎ ዘሩን ለብቻ ያስቀምጣሉ፤ ቢራብ ቢጠማ አይነካም። ከዚያ ለዕዳው፣ ለደቦው፣ ለሚመጣው ሠርግ ይመድባሉ። የተረፈው ይሸጣል። በሚቀጥለው ሰኔ ስንት ጥማድ ሩዝ እንደሚዘራ፣ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ላይ ስንቱ ጓያ እንደሚሆን የሚወሰነው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ስንት ኩንታል አገኛለሁ የሚለው መጨረሻ ላይ ይመጣል። የእኔ ዝርዝር የሚጀምረው ከኩንታሉ ነበር።

ማታ ደብተሬን ከፈትኩና በእያንዳንዱ ግብ ፊት የሰው ስም ለመጻፍ ሞከርኩ። ከአሥራ አንዱ ስም የወጣለት ሦስቱ ብቻ ነው። የቀሩት ላይ እውነቱን ልጻፍ ካልኩ «ሰው እንዲያይልኝ» ከማለት በቀር የምለው አጣሁ። አንዳንዶቻችሁ አሁን በልባችሁ የራሳችሁን እየቆጠራችሁ እንደሆነ ይገባኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሌለው ስም ነው። ታናሽ እህቴ ዘጠኝ ደብተር ሙሉ ግብ ውስጥ አንድ ቦታ የለችም።

እህቴ 9ኛ ክፍልን ጨርሳ ቆመች። ያን ክረምት ደውላ «አያ፣ አባባን አናግርልኝ፤ አንተን ይሰማሃል» ብላኝ ነበር። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ፈተና እያጠናሁ ነበር። «ፈተናዬ ይለቅና» አልኳት። ፈተናው አለቀ፤ ውጤቱም ጥሩ ነበር፤ ደብተሬ ላይም ራይት ተደረገበት። መስከረም ላይ ምዝገባ አለፋት። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። እኔም፣ ይህን ስናገር አሁንም ያፍረኛል፣ አለመጠየቋን እንደ እፎይታ ቆጠርኩት።

ጊዜው ሄዶ እሷ ወረታ ላይ የሩዝ መሸጫ ሱቅ ከፈተች። የተፈለፈለውን በኩንታልም በኪሎም ትሸጣለች፤ ከእኔ ደመወዝ የተሻለ የምታገኝባቸው ወራት አሉ። እና በዚያው እንቁጣጣሽ ማግሥት ሱቋ ሄጄ በታላቅ ስሜት አዲሱን ግቤን አበሰርኳት፦ በሦስት ዓመት 12ኛ ክፍልን አስጨርስሻለሁ፣ ሱቁን ለሰው እናከራያለን፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ሚዛኑን ትታ አየችኝ።

«አያ፣ እኔን የዕቅድህ ተራ ቁጥር አታድርገኝ» አለች።

ይህ አባባል የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያስገባኝም እዚያው ጆንያ ውስጥ ያለው ሩዝ ነው። ሩዝ ወደ ሜዳችን የመጣው በ1970ዎቹ በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት፣ በደራ ጅግና እና በፎገራ ሻጋ በነበሩት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት በኩል ነው። ያኔ ዕቅዱ የማኅበሩ ነበር፤ ኮታውም እንዲሁ። ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ባለሙያዎቹም አገራቸው ገቡ። ዕቅዱ አብሮ ሞተ፤ ሩዙ ግን አልሞተም። ለምን? ገበሬው የራሱ ምክንያት ነበረው። ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ሌላ ሰብል የማይዝ መሬት ነበረው። ሰዉ ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ ጋገረው፣ ጠላ ጠመቀበት፣ ገለባውን ለከብት አደረገው። ከዚያ መንደር ስሙን የወሰደው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ከእጅ ወደ እጅ ሜዳውን ሞላው። መንግሥት ሩዝን «የሚሊኒየሙ ሰብል» ብሎ የጠራው፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ የቆመው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው።

በነገራችን ላይ ሩዙም ያስከፈለን አለ። የግጦሹ ሜዳ እየታረሰ ሲሄድ በወተቷ የታወቀችው፣ ረግረጉን የለመደችው የፎገራ ላም እየተመናመነች ነው። አጎቴ የመጨረሻዋን የሸጡ ቀን ምሳ አልበሉም። ግብ ሲወጣ ምን እንደሚሸጥበት አብሮ ቢጻፍ ጥሩ ነበር፤ ሥልጠናው ላይ ይህን ያነሣልን የለም።

ወደ እህቴ ልመለስ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወልኩና በሌላ አነጋገር ጠየቅኋት፤ «ከእኔ የምትፈልጊው ነገር አለ?» ብቻ አልኩ። ዝም ብላ ቆየችና የማታ ትምህርት መመዝገቧን ነገረችኝ። ለካ እኔ ሳላበስራት አስባበት ኖሯል! ማታ ማታ ትማራለች፤ ቀን ሱቅ ናት፤ የሚያጥራት ማጥኛ ጊዜ ነው። «ከቻልህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ላይ ተቀመጥልኝ» አለች። በቃ ይኸው ነው። ገንዘብ አይደለም፣ ምክርም አይደለም።

የዚያ ዓመት ግቤ በደብተሬ ላይ አንድ መስመር ሆነ፦ ቅዳሜ፣ ወረታ፣ ሱቅ። ያኔ ባሕር ዳር ተዛውሬ ነበር፤ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። እንደምትገምቱት ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አንዲት እናት የሰባራውን ሩዝ ዋጋ በሙሉው ዋጋ ስነግራቸው «ልጄ፣ አዲስ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ሁለተኛ ዲግሪ እንዳለኝ ለመንገር ከጅሎኝ ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ቀረሁ፤ ስብሰባ ነበረኝ። ስድስተኛውም ላይ፤ ለእሱ ምክንያት የለኝም፣ ተኝቼ ነው። መንገዱ ዝግ የሆነባቸው ብዙ ቅዳሜዎች ነበሩ፤ እነሱን በራሴ ላይ አልቆጥርም። የቀሩትን ስቆጥር በመጀመሪያው ዓመት ከግማሽ በላይ አልሞላሁም። በደብተሬ ታሪክ ራይት ያላገኘ የመጀመሪያው ግብ ነው። ግን ያንኑ መስመር በሚቀጥለው ጳጉሜን ደግሜ የጻፍኩትም የመጀመሪያው እሱ ነው፤ የቀድሞዎቹ ከተሳኩ በኋላ ዞሬ አይቻቸው አላውቅም።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልበል። መንግሥት በጀቱን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ውጭ ያሉት ወንድሞቻችን በጃንዋሪ ያቅዳሉ፣ አጎቴ በሰኔ ይዘራሉ። የእህቴ ዓመት የሚጀምረው የማታው ምዝገባ ሲከፈት ነው። እኔም የራሴን ወደዚያ አዛውሬዋለሁ፤ ጳጉሜን ላይ አሁን የማደርገው አጎቴን ሄጄ መጠየቅ ነው።

ዘንድሮ እህቴ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ታልፋለች አትልፍም አላውቅም፤ ሒሳብ ያስቸግራታል፣ እኔም ላስረዳት ስሞክር እንጣላለን። ካለፈች ምን እንደምታጠና ጠይቄያት ነበር። «ሲደርስ እነግርሃለሁ» ብላኛለች።

ለጥያቄ ጊዜ ባለመተዌ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሱቁን ጎረቤት እስከ ስምንት ሰዓት ይዞልኛል፤ መናኸሪያ የሚያደርሰኝ ባጃጅም በር ላይ ቆሟል። ምሳውን ያለ እኔ ብሉ። ሩዝ ከሆነ ደግሞ ከየት እንደገዛችሁት ጠይቁልኝ።